ጨረቃ በጥላችን መሃል ስታልፍ፦ ስለ 2029 ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ጁን 26 ቀን 2029፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 19 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ ሙሉ ጨረቃ በምድር ጥላ መሃል ለመሃል ታልፋለች። የጨረቃ እምብርት ከጥላው እምብርት ጋር ሊገጥም የሚቀረው ጥቂት ብቻ ነው። በዚህም የተነሳ ግርዶሹ በ2000፣ በ2011 እና በ2018 ከታዩት ረጃጅም ግርዶሾች ሁሉ በጥልቀት ይበልጣል። ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በጥላው ውስጥ የምትቆየው 102 ደቂቃ ያህል ነው።

ግርዶሽ በቀረበ ቁጥር ግን አብሮት የሚናፈስ ወሬ አለ። ዓይን ያጠፋል፣ ያረገዘች ትጠንቀቅ፣ መዓት ይመጣል፣ እኛ ጋ አይታይም፣ የትም ይታያል። በዚህ ምክንያት በራቸውን ዘግተው የሚተኙ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝነኛል። ከሰማይ ትርኢቶች ሁሉ መሣሪያም፣ ገንዘብም፣ ጉዞም የማይጠይቀው ይኸኛው ነውና። ስለዚህ ወሬዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቶቹም ከእኩለ ሌሊት ጀምረው የሚቆጠሩ ናቸው።

«በባዶ ዓይን ማየት ዓይን ያጠፋል»

ይህ ማስጠንቀቂያ የፀሐይ ግርዶሽ ነው፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ወደ ጨረቃም ተሻገረ። በፀሐይ ግርዶሽ ዓይንን የሚጎዳው የፀሐይ ብርሃን ራሱ ነው። ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም። ከፀሐይ ከሚደርሳት ጥቂቱን መልሳ ትልክልናለች፤ በግርዶሽ ጊዜ ያም ይቀንሳል። በየወሩ ሙሉ ጨረቃን አይቶ ያልተጎዳ ዓይን የደበዘዘችውን ጨረቃ አይቶ የሚጎዳበት ምክንያት የለም። ለፀሐይ ግርዶሽ የተሠራውን መነጽር ማድረግም ከንቱ ነው፤ በእርሱ ውስጥ የተጋረደች ጨረቃ ጨርሶ አትታይም። ባይኖኩላር ያለው ሰው ቀለሙን አጉልቶ ያያል፣ የሌለውም ዋናው ነገር አያመልጠውም።

«ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ትጠፋለች»

ምድር ከባቢ አየር ባይኖራት ኖሮ በእርግጥ ትጠፋ ነበር። የምድር ጥላ ወደ ኋላ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ጨረቃ በምትገኝበት ርቀት ላይ ስፋቱ ወደ 9,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ የጨረቃ ስፋት ደግሞ 3,474 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ጨረቃ ጎን ለጎን ቢገቡበት ቦታ ይተርፋል።

ይሁን እንጂ ጥላው ድፍን ጨለማ አይደለም። በምድር ጠርዝ በኩል የሚያልፈው የፀሐይ ብርሃን ከባቢ አየሩን ሰንጥቆ ሲሄድ ይታጠፍና ወደ ጥላው ውስጥ ይገባል። በመንገዱ ላይ ሰማያዊው ቀለም በአየሩ ይበታተናል፣ ቀዩ ግን ረጅሙን ጉዞ ይዘልቃል። ጀምበር ስትጠልቅ አድማሱን የሚያቀላው ይኸው ነገር ነው። በዚያች ሰዓት ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው ቢኖር በስተጀርባዋ ፀሐይን የደበቀች ምድርን ያይ ነበር። ከፀሐይ አራት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ጥቁር ክብ፣ በዙሪያውም ቀጭን የእሳት ቀለበት። ያ ቀለበት ነው ጨረቃን መዳብ የሚያስመስላት።

ቀለሙ ከግርዶሽ ግርዶሽ ይለያያል፤ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠብቀው ይህን ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንድሬ ዳንዦን በ1921 ከ0 እስከ 4 የሚደርስ መለኪያ አወጣ። 0 ማለት ጨረቃ ልትታይ ያልቻለችበት ጨለማ ነው፣ 4 ደግሞ ደማቅ ብርቱካንማ። ወሳኙ የምድር አየር ሁኔታ ነው። የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ በጁን 1991 ከፈነዳ በኋላ አቧራውና ጭሱ በከፍታው አየር ላይ ስለቆየ፣ በዲሴምበር 1992 የታየው ግርዶሽ እጅግ ጨለማ ሆኖ ነበር። በ1963 ከአጉንግ እሳተ ገሞራ በኋላም እንዲሁ ሆኗል። እንግዲህ የ2029ኙ ምን ቀለም እንደሚኖረው ቀድሞ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ሰዓቱ እስከ ደቂቃው ይታወቃል፣ ቀለሙን ግን የዚያን ጊዜው አየር ይወስነዋል። ጨረቃ በጥላው እምብርት ስለምታልፍ ግን ጠቆር ማለቷ የሚጠበቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሙሉ ግርዶሽ የጨረቃ ብርሃን በአሥር ሺህ እጥፍ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ሌሊት የማይታዩ ከዋክብት ያን ጊዜ ብቅ ይላሉ። በጁን 2029 ደግሞ ጨረቃ የምትገኘው ቀውስ (ሳጂታሪየስ) በሚባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ፣ የፍኖተ ሐሊብ መሃል በሚገኝበት አቅጣጫ አጠገብ ነው። ከከተማ መብራት የራቀ ሰው፣ ሌላ ጊዜ ጨረቃዋ ራሷ የምታጠፋውን ያንን ነጭ የከዋክብት ጅረት በቀዩዋ ጨረቃ ዙሪያ ተዘርግቶ ያየዋል። እንዲህ ያለ አጋጣሚ በየግርዶሹ አይገኝም።

«ጨረቃ የምትጎድለውና የምትሞላው በምድር ጥላ ነው»

ትምህርት ቤት ገብተው የወጡ ብዙ ሰዎች ሳይቀሩ ይህን ያምናሉ። በየወሩ የምናየው መጉደልና መሙላት ከምድር ጥላ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። ጨረቃ እንደ ኳስ ናት፣ ግማሿ ዘወትር በፀሐይ ይበራል። እኛን በምትዞርበት ጊዜ ከበራው ግማሽ የምናየው ክፍል ይለዋወጣል፤ ይኸው ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ግማሽ ጨረቃን ከሰዓት በኋላ ይፈልጋት። ፀሐይና ጨረቃ ሁለቱም ሰማይ ላይ ናቸው፣ ምድር በመካከላቸው የለችም፣ ጨረቃ ግን ግማሽ ናት።

ሁለቱን በዓይን መለየትም ይቻላል። በተለመደው ጊዜ በብርሃኑና በጨለማው መካከል ያለው መስመር ከጨረቃ አናት እስከ ግርጌዋ ይዘልቃል፣ ግማሽ ስትሆን ቀጥ ይላል። በግርዶሽ ጊዜ ግን የጥላው ጠርዝ ከጨረቃ የሚበልጥ ትልቅ ክብ ቁራጭ ነው፣ ጫፉም ደብዛዛ ነው። አርስቶትል ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት ይህን ጠርዝ ተመልክቶ ምድር ክብ መሆኗን ለማስረዳት ተጠቅሞበታል። ጥላው ሁልጊዜ ክብ ከሆነ ጥላውን የጣለው አካልም ክብ ነው። የዚህን ማስረጃ በገዛ ዓይን ማየት የሚቻል ሆኖ ሳለ መጽሐፍ ብቻ ማመን ለምን?

«እንዲያ ከሆነ ሙሉ ጨረቃ በወጣች ቁጥር መጋረድ ነበረባት»

ጥሩ ጥያቄ ነው። የጨረቃ ምህዋር ምድር ፀሐይን ከምትዞርበት ገበታ በ5 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ነው። በአብዛኛው ሙሉ ጨረቃ ከጥላው በላይ ወይም በታች ታልፋለች። ሁለቱ መንገዶች በሚቆራረጡበት አካባቢ ሙላቷ ሲውል ብቻ ግርዶሽ ይሆናል፤ ይህም በየስድስት ወሩ ገደማ ይመጣል። ከእነዚያም ውስጥ አንዳንዱ ጥላውን ዳር ብቻ ነክቶ ያልፋል።

«ዓለም ሁሉ ያየዋል» ወይም «ጠባብ መስመር ላይ ያሉ ብቻ ያዩታል»

ሁለቱም ስህተት ናቸው፣ ሁለተኛውም ከፀሐይ ግርዶሽ የተወሰደ ነው። የጨረቃን ሙሉ ግርዶሽ ለማየት የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚያች ሰዓት ጨረቃ ከአድማስ በላይ መሆኗ። ያም የምድርን ግማሽ ይጨምራል። ግርዶሹ ሰዓታት ስለሚፈጅና ምድር በመካከሉ ስለምትዞር ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የምድር ክፍል ቢያንስ ጥቂቱን ያያል።

የጁን 2029ኙን በግሪንዊች ሰዓት እናስላው። ጨረቃ ስሱን የውጭ ጥላ፣ ማለትም ምድር ፀሐይን በከፊል ብቻ የምትሸፍንበትን፣ 00፡34 ላይ ትነካለች። ጥቁሩ ጥላ 01፡32 ላይ መጉረስ ይጀምራል። 02፡31 ላይ ሙሉ በሙሉ ትገባለች፣ 03፡22 ላይ እምብርቱ ላይ ትደርሳለች፣ 04፡13 ላይ መውጣት ትጀምራለች፣ 05፡12 ላይ ጥቁሩን ጥላ ትጨርሳለች። ስሱ ጥላ 06፡10 አካባቢ ይለቃታል።

በዚህ ጊዜ ጨረቃ በትክክል አናት ላይ የምትሆነው በደቡባዊ ብራዚል አካባቢ ነው። ደቡብ አሜሪካና የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ከመጀመሪያው የጥላ ንክሻ እስከ መጨረሻው ያያሉ። ምዕራብ አፍሪካም እንዲሁ፣ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ጨረቃ የምትወጣው ቀድማ ተጋርዳ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ጥላው ሲጎርሳት በጨለማ ይታያል፣ ሙሉው ግርዶሽ ግን ጎህ ሲቀድ ስለሚውል ጨረቃ እንደተጋረደች በምዕራብ ትጠልቃለች። ከዚያ ወደ ምሥራቅ በሄድን ቁጥር የሚታየው እያነሰ ይሄዳል። ሕንድ፣ ቻይና፣ ጃፓንና አውስትራሊያ ቀን ላይ ስለሚሆኑ ግርዶሹን አያዩም።

አንድ የሚገርም ቦታ አለ፦ የስካንዲኔቪያ ሰሜናዊ ጫፍ። ከምዕራብ አፍሪካ ብዙም በማይርቅ የሰዓት ክልል ውስጥ ቢሆንም ምንም አያይም። በጁን መጨረሻ በዚያ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ሙሉ ጨረቃ የፀሐይ ተቃራኒ ናትና አትወጣም። ስለዚህ ካርታ ላይ ወደ ጎን መመልከት ብቻ አይበቃም፣ ወቅቱም ይወስናል።

«በየአገሩ የሚጀምርበት ጊዜ ይለያያል»

የፀሐይ ግርዶሽ በርግጥ ይለያያል፤ የጨረቃ ጥላ በምድር ላይ እየሮጠ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ይሻገራልና። የጨረቃ ግርዶሽ ግን እዚያው ጨረቃዋ ላይ የሚሆን ነገር ነው። ጥላው ጨረቃን ሲነካ ብራዚል ያለውም ሴኔጋል ያለውም በአንዲት ቅጽበት ያያሉ። የሚለያየው የግድግዳ ሰዓታቸው ነው። ኒው ዮርክ ሙሉው ግርዶሽ የሚጀምረው ጁን 25 ምሽት 22፡31 ላይ ነው። ሳኦ ፓውሎ ደግሞ ጁን 25 በ23፡31 ጀምሮ ጁን 26 በ01፡13 ያበቃል፤ ቀኑ የሚለወጠው በግርዶሹ መሃል ነው። «ጁን 26 ነው ተብሎ ነበር» ብሎ በማግስቱ ምሽት ሰማይ የሚያይ ሰው አሜሪካ ውስጥ አንድ ቀን ዘግይቷል ማለት ነው። የራስን አካባቢ ሰዓት ከግሪንዊች ማስላት ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን መረሳት የለበትም።

ይህ የአንድ ቅጽበትነት ባሕርይ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቶ ያውቃል። ትክክለኛ የጉዞ ሰዓት ባልነበረበት ዘመን፣ በ1577 እና በ1578፣ የስፔን ዘውድ በአሜሪካ ግዛቶቹ ያሉ ሹማምንት የጨረቃ ግርዶሾችን እንዲመዘግቡ አዘዘ። የሁለት ቦታዎች የአካባቢ ሰዓት ልዩነት በምሥራቅና በምዕራብ ምን ያህል እንደሚራራቁ ይናገራልና። ጨረቃ ለመላው ዓለም አንድ ሰዓት ሆና አገልግላለች።

«ፀሐይ ከወጣች አለቀ»

ሒሳቡ እንዲህ የሚል ይመስላል። ፀሐይ፣ ምድርና ጨረቃ በአንድ መስመር ከሆኑ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ መጥለቅ አለባት። ነገር ግን ከባቢ አየሩ በአድማስ አካባቢ ብርሃንን በግማሽ ዲግሪ ገደማ ያጎብጠዋል፤ ከአድማስ በታች ያለችውን ፀሐይም፣ እየጠለቀች ያለችውንም ጨረቃ ከፍ አድርጎ ያሳየናል። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃዎች ሁለቱም በተቃራኒ አድማስ ላይ ሊታዩ ይችላሉ። በ2029 ይህ ዕድል ጎህ ላይ በምሥራቅ አፍሪካ፣ ምሽት ላይ ደግሞ በምዕራብ አሜሪካ አለ። በሁለቱም አቅጣጫ ክፍት አድማስ ያለው ከፍታ ያስፈልጋል። እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ የተጋረደች ጨረቃ በበራ ሰማይ ላይ በጣም ደብዛዛ ናት፤ እርሷን ለማግኘት ትዕግሥትና ባይኖኩላር ይረዳል።

«ጥልቅ ከሆነ ረጅምም ነው»

የግድ አይደለም። የ2018ቱ ግርዶሽ ከ2029ኙ በጥልቀት ቢያንስም 103 ደቂቃ ቆይቷል፣ የ2000ው ደግሞ 106። በ2018 ጨረቃ በምህዋሯ ሩቅ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ስትርቅ ደግሞ ቀስ ብላ ትሄዳለች። በሌላ በኩል 00፡34 ላይ ወጥቶ «ምንም የለም» ብሎ የሚገባ ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ። ስሱ ጥላ በመጀመሪያው ሰዓት ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። መውጫው ሰዓት በግሪንዊች 01፡32 ነው።

«የደም ጨረቃ የመዓት ምልክት ናት»

ቅላቱ ከየት እንደሚመጣ ከላይ አይተናል። የመሬት መንቀጥቀጥን የሚጨምር ነገርም የለውም። በጨረቃና በፀሐይ ስበት የባሕር ውሃ የሚነሳበት ከፍታ በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ጊዜ ሁሉ ይጨምራል፤ ጥላው በዚያ ላይ የሚጨምርበት ስበት የለም። በግርዶሽ ጊዜ በእርግጥ የሚለወጥ ቦታ ካለ ጨረቃ ራሷ ናት። ፀሐይ ስትሸፈንባት የገጽታዋ ሙቀት በአጭር ጊዜ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወርዳል።

ይህ ፍርሃት መሣሪያ ሆኖም ያውቃል። በፌብሩዋሪ 1504 መጨረሻ ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ጃማይካ ላይ ተጥሎ ሳለ፣ የደሴቲቱ ነዋሪዎች ምግብ መስጠት አቆሙ። እርሱ በእጁ የግርዶሽ ሰንጠረዥ ነበረው። አምላኩ እንደተቆጣና ጨረቃን እንደሚወስድ ነገራቸው፤ ጨረቃም ቀላች፣ ምግቡም መጣ። የማያውቀው ሰው በሚያውቀው ሰው እጅ የወደቀበት ታሪክ ነው። ዛሬ ሰንጠረዡ በሁሉም እጅ አለ፣ በዚያ መንገድ መታለል ግን አልቀረም።

ስለ እርግዝና የሚነገረውም በበርካታ አህጉራት የሚገኝ እምነት ነው፦ ያረገዘች ሴት ግርዶሽ ካየች ልጇ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ይወለዳል ይባላል። ሴቶች በዚህ ተጨንቀው ሌሊቱን መስኮት ዘግተው ያሳልፋሉ። የከንፈር መሰንጠቅ የሚፈጠረው በእርግዝና የመጀመሪያ ሳምንታት የፅንሱ የፊት ክፍሎች ሳይጋጠሙ ሲቀሩ ነው፤ ከጨረቃ የሚመጣ ምንም ነገር የለውም። ያረገዘች ሴት ደጅ ወጥታ ብታይ የሚያስፈልጋት ከብርድ የሚጠብቃት ልብስ ነው።

«ያመለጠው ዕድሜ ልኩን አያገኘውም»

በዚህ ክፍለ ዘመን ውስጥ 85 ሙሉ የጨረቃ ግርዶሾች አሉ፤ የእያንዳንዳቸውም ቀን ከወዲሁ ይታወቃል። ጥንት ባቢሎናውያን ያስተዋሉት አንድ ዙር አለ፦ 18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ተመሳሳይ ግርዶሽ ይመለሳል። ያ 8 ሰዓት የቀኑ ሲሶ ስለሆነ ምድር እስከዚያ ሲሶ ዙር ትዞራለች፣ ግርዶሹም ወደ ምዕራብ ይሸጋገራል። የ2029ኙ ቀዳሚ በጁን 15 ቀን 2011 ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ባለው የሕንድ ውቅያኖስ አናት ላይ ነበር። ተከታዩ በጁላይ 7 ቀን 2047 ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ይሄዳል።

እስከዚያ መጠበቅም አያስፈልግም። የ2029ኙን የማያዩት የእስያና የአውስትራሊያ ነዋሪዎች ከስድስት ወር በፊት፣ ዲሴምበር 31 ቀን 2028፣ የ71 ደቂቃ ሙሉ ግርዶሽ አላቸው፤ እምብርቱ በግሪንዊች 16፡52 አካባቢ ይሆናል። ዲሴምበር 20 ቀን 2029 ደግሞ ሦስተኛው ይመጣል። የ54 ደቂቃ ነው፣ መካከሉ 22፡42 ላይ ሲሆን ለአፍሪካና ለአውሮፓ በጥልቅ ሌሊት ይውላል። በአሥራ ሁለት ወር ሳይሞላ ሦስት ሙሉ ግርዶሽ፤ ጁን ላይ ደመና የከለለበት ሰው ዲሴምበርን ይጠብቅ።